«አሳይ» ምን አሳየን?

ስልካችሁን ከፍታችሁ የምግብ ቪዲዮ ትንሽ ካያችሁ፣ ሳትፈልጉት ይመጣል። ሳህን ሙሉ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ወፍራም ነገር፣ ከላዩ በመስመር የተደረደረ ሙዝና እንጆሪ፣ ትንሽ ማር፣ የኮኮናት ፍርፋሪ። ከሥሩ ደግሞ የታወቀው ዝርዝር አለ፦ ያከሳል፣ ቆዳ ያጠራል፣ ስኳር ያወርዳል፣ እርጅና ያዘገያል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ አንባቢዎች ሱቁን ታውቁት ይሆናል። አዲስ አበባ ያለነው ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ፣ በዱቄትና በእንክብል መልክ ነው የምንተዋወቀው።

ስሙን «አካይ» የሚሉት ብዙ ናቸው። ብራዚሎች ግን «አሳኢ» ይሉታል፤ በእኛ አፍ ፈጠን ብሎ ሲነገር «አሳይ» ይሆናል። እኔ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ። ስምም ነው፣ ትዕዛዝም ነው። ይህን ሁሉ ተአምር የሚሠራ ፍሬ ከሆነ፣ እስቲ ያሳየን።

ካነበብኩት የደረስኩበትን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አሳይ ጥሩ ምግብ ነው። መድኃኒት ግን አይደለም። ከአገሩ ውጭ የምንከፍለው ዋጋ ደግሞ በአብዛኛው ለፍሬው ሳይሆን ለተረቱ ነው።

በአገሩ እንዴት ይበላል?

አሳይ በሰሜን ብራዚል፣ የአማዞን ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ረግረጋማ ምድር የሚበቅል የዘንባባ ፍሬ ነው። የብራዚልን ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚያቀርበው ፓራ የተባለው ክፍለ ግዛት ሲሆን ዋና ከተማው ቤሌም ይባላል። ዛፉ ቀጭንና ረጅም ነው፤ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለቃሚው ከቅጠል የተሠራ ማሰሪያ እግሩ ላይ አድርጎ ግንዱን እያቀፈ ይወጣና ዘለላውን ቆርጦ ይዞ ይወርዳል።

ፍሬው ከወይን ፍሬ ያንሳል። ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ የማይበላ ዘር ነው። የሚበላው ዘሩን የሸፈነው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ያም ቢሆን ከተለቀመ በኋላ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ ጀልባዎች ሌሊቱን ተጉዘው ገና ሳይነጋ ቤሌም ገበያ ላይ ያራግፉታል። ከዚያ በየሰፈሩ ያሉ ትንንሽ ሱቆች በውሃ እያሹ በማሽን ይጨምቁታል። አሳይ ያለው ሱቅ በሩ ላይ ቀይ ምልክት ይሰቅላል፤ የእኛ ጠላ ቤት ቆርቆሮውን እንጨት ላይ እንደሚሰቅለው ማለት ነው።

የሚገርመው አበላሉ ነው። የቤሌም ሰው አሳይን በተለምዶ እንደ ጣፋጭ አይቆጥረውም። ከተጠበሰ ዓሣ ወይም ከሽሪምፕ ጋር፣ ሻካራ የካሳቫ ዱቄት እየነሰነሰ፣ እንደ ምሳ ይበላዋል። በራሱ ጣፋጭ አይደለም፤ የአፈርና የቅባት ጣዕም ያለው ነገር ነው። በብዙ ቤት እንደ እኛ ሽሮ ነው፤ ያለ እሱ ቀኑ ቀን አይመስልም።

ከወንዝ ዳር ወደ ስልካችን

ታዲያ ዓሣ አጠገብ የነበረው ምግብ ማርና ሙዝ ላይ እንዴት ወጣ? መንገዱ በሪዮ ዴ ጄኔሮ በኩል ነው። የብራዚል ጁጂትሱን ያስፋፋው የግሬሲ ቤተሰብ አሳይን በአመጋገቡ ውስጥ አስገብቶት ነበር። በ1980ዎቹ የሪዮ ስፖርተኞችና የባሕር ዳርቻ ወጣቶች የቀዘቀዘውን ጭማቂ ከጓራና ሽሮፕና ከሙዝ ጋር እየመቱ መብላት ጀመሩ። ጓራና ካፌይን ያለው የአማዞን ተክል ነው። ዛሬ በቪዲዮ የምናየው ሳህን የተወለደው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ብራዚልን የጎበኙ አሜሪካውያን ሳምባዞን የተባለውን ኩባንያ አቋቁመው የቀዘቀዘውን ጭማቂ ወደ ካሊፎርኒያ ማስገባት ጀመሩ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ መጣ። በኦፕራ ዊንፍሬይ ፕሮግራም ላይ ስሙ ከተነሳ በኋላ ኢንተርኔቱ በአሳይ እንክብል ተጥለቀለቀ። ዘዴው «ነፃ ሙከራ» ይባል ነበር። የመላኪያ ጥቂት ዶላር ብቻ ክፈሉ ተብሎ የካርድ ቁጥር ይወሰዳል፤ ከዚያ በየወሩ ገንዘብ መቁረጥ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦፕራና ዶክተር ኦዝ ራሳቸው «ስማችንን ያለፈቃድ ተጠቅማችኋል» ብለው በርካታ ሻጮችን ከሰሱ።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 አሥር የሐሰት ዜና ድረ ገጽ አንቀሳቃሾችን ፍርድ ቤት ወሰደ። ገጾቹ እውነተኛ የዜና ጣቢያ ይመስሉ ነበር። «ጋዜጠኛዋ» አሳይን ራሷ ላይ ሞክራ በ4 ሳምንት 25 ፓውንድ፣ ማለትም 11 ኪሎ ገደማ ቀነሰች ይላሉ። ጋዜጠኛም ሙከራም አልነበረም። ማስታወቂያ ነበር።

ይህን የድሮ ታሪክ የማነሳው ዘዴው ስላላረጀ ነው። ዛሬ የዜና ገጹን ቦታ የወሰደው አጭር ቪዲዮና የቴሌግራም ቻናል ነው። «እኔ ሞክሬው ነው» የምትለው ልጅ መልኳ ተቀየረ እንጂ ቃሏ ያው ነው።

ውስጡ ምን አለ?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ትንተና መሠረት በቅዝቃዜ የደረቀ የአሳይ ዱቄት በ100 ግራም ወደ 530 ካሎሪ፣ 32 ግራም ስብ፣ 44 ግራም ፋይበርና 8 ግራም ፕሮቲን አለው። ስኳሩ በጣም ትንሽ ነው። ከስቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦሌይክ አሲድ ነው፤ በወይራ ዘይትና በአቮካዶ ውስጥ በብዛት የሚገኘው፣ ለልብ ተስማሚ የሚባለው ዓይነት። ካልሲየምና ብረትም አለው። ቫይታሚን ሲ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «በቫይታሚን ሲ የበለፀገ» የሚል የአሳይ ጭማቂ ካያችሁ፣ ቫይታሚኑ ከውጭ ተጨምሮበት እንደሆነ ጀርባውን አንብቡ።

ቁጥሩ ጥሩ ይመስላል። ግን 100 ግራም ዱቄት የሚበላ ሰው የለም። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ነው ብለን እናስላው። 27 ካሎሪ፣ ከ2 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ፋይበር፣ ግማሽ ግራም እንኳ የማይሞላ ፕሮቲን። ግማሽ ግራም የምትይዝ እንክብል ከሆነች ደግሞ ፋይበሩ 0.2 ግራም ነው። በሌላ በኩል 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ወደ 8 ግራም ፋይበርና 9 ግራም ፕሮቲን ይሰጣችኋል። አንድ ጭልፋ ምስር ወጥ የዚያን እንክብል የዕለት መጠን ያስንቃል። ምስር ግን በቪዲዮ ላይ አያምርም፤ ጥፋቱ ያ ብቻ ነው።

«ግን አንቲኦክሲደንቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ሐምራዊ ቀለሙ የሚመጣው አንቶሲያኒን ከተባሉ ውህዶች ነው፣ አሳይም ብዙ አለው። እነዚሁ ውህዶች በጥቁር ወይን፣ በእንጆሪ፣ በሐምራዊ ጥቅል ጎመን፣ ሌላው ቀርቶ በቀይ ሽንኩርታችን ልጣጭ ውስጥም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ገበያ ያሉ መጠጦችን ሲያወዳድሩ የአሳይ ጭማቂ ከሮማን፣ ከጥቁር ወይንና ከብሉቤሪ ጭማቂ በታች ነው የወጣው። መሀል ሰፋሪ ነው ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። «ኦራክ» የሚባል የአንቲኦክሲደንት መለኪያ ነበር፤ ማሸጊያዎች ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር። የሚለካው በመስታወት ቱቦ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዚህን መለኪያ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አነሳው። ምክንያቱ ቱቦ ውስጥ የታየው ኃይል በሰው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ስለማይናገር፣ ሻጮችም ያለ አግባብ ስለተጠቀሙበት ነው። ቁጥሩ ግን እስካሁን ማስታወቂያ ላይ ይዞራል።

«ኪኒኔን ልተወው ወይ?»

ነገሩ ቀልድ ያልሆነው እዚህ ጋ ነው። አክስቴ የስኳር ሕመም አለባቸው። ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው በሰው እጅ የአሳይ ዱቄት ልካላቸው፣ አብሮም አንድ ቪዲዮ ደረሳቸው። ከዚያ በቴሌግራም ድምፅ ላኩልኝ፦ «ስሚ እስቲ የኔ ልጅ፣ አንቺ ታነቢያለሽ፣ ይሄን ከጀመርኩ ኪኒኔን ልተወው ወይ?»

ቪዲዮው ባዶ ውሸት አይደለም፤ ከኋላው እውነተኛ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው በዚህ ጥናት ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ 100 ግራም የአሳይ ጭማቂ ለአንድ ወር ወሰዱ። በጾም የሚለካው ስኳራቸውም ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸውም ቀነሰ። ጥሩ ዜና ነው። ሰዎቹ ግን አሥር ብቻ ነበሩ። አሳይ ያልወሰደ ማወዳደሪያ ቡድንም አልነበረም። ጥናት ላይ ነኝ ያለ ሰው አመጋገቡን ሊያስተካክል ይችላል፤ ለውጡ ከፍሬው ይሁን ከጥንቃቄው መለየት አይቻልም። ስታቲስቲክስ አንድ ኮርስ የወሰደ ሁሉ በአሥር ሰው የአገር መድኃኒት እንደማይቀየር ያውቃል። የአሜሪካ መንግሥት የተጓዳኝ ሕክምና ምርምር ማዕከልም አሳይን ለየትኛውም የጤና ችግር ለመጠቀም የሚያበቃ ቁርጥ ያለ ማስረጃ የለም ይላል።

ለአክስቴ የመለስኩት አጭር ነበር፦ «ኪኒናውን እንዳይተዉት። ዱቄቱን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።» ሄዱ። ሐኪሙ ማሸጊያውን አይቶ ስኳር እንዳልተጨመረበት ካረጋገጠ በኋላ በማንኪያ እርጎ ላይ መጨመር እንደሚችሉ፣ መድኃኒቱ ግን እንደሚቀጥል ነገራቸው። የስኳር መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ጉዳቱ ወዲያው ላይታየው ይችላል። ዓይንና ኩላሊት ግን ሒሳቡን ይይዛሉ።

ሳህኑስ?

የንጹሕ አሳይ ስኳሩ በጣም ትንሽ ነው ብያለሁ። ሳህኑ ግን ሌላ ነገር ነው። የፖም ጭማቂ ወይም ሽሮፕ ይመታበታል፣ ግራኖላ ይጨመራል፣ ማር ይፈስበታል። ከ50 ግራም በላይ ስኳር ያለው አንድ ሳህን በየገበያው አለ። ከዚህ ውስጥ የሙዙና የእንጆሪው ብዙ አያሳስብም። የሽሮፑ፣ የማሩና የጭማቂው ግን የዓለም ጤና ድርጅት የሚቆጥረው ስኳር ነው፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ጣሪያው 50 ግራም ገደማ፣ ቢቻል ደግሞ 25 ነው።

እኛ ይህን ጨዋታ ከጭማቂ ቤት እናውቀዋለን። ስፕሪስ ጥሩ ነገር ነው። ሽሮፕና ስኳር በላዩ ሲገባበት ግን ፍራፍሬ መሆኑ ቀርቶ ጣፋጭ ይሆናል። የአሳይ ሳህንም በማንኪያ የሚበላ ስፕሪስ ነው። አምሮን እንብላው እንጂ «ልክሳ ብዬ ነው» አንበል።

ደኅንነቱ ላይ

ትኩስና ያልተዘጋጀ አሳይ አንድ እውነተኛ አደጋ አለበት፦ የቻጋስ በሽታ። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1909 በሽታውን ለዓለም ከገለጸው ብራዚላዊ ሐኪም ከካርሎስ ቻጋስ ነው። የሚያስከትለው ተሐዋሲ በአገራችን ከብቶችን የሚገድለው የገንዲ በሽታ ተሐዋሲ የቅርብ ዘመድ ነው። በላቲን አሜሪካ የሚያስተላልፉት ደም መጣጭ ነፍሳት ናቸው። ነፍሳቱ ከፍሬው ጋር አብረው ከተፈጩ ወይም ዓይነ ምድራቸው ፍሬውን ከበከለው ጠጪው ይያዛል። ትኩሳት ይጀምራል፤ ካልታከመ ደግሞ እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ከዓመታት በኋላ የልብ ችግር ያጋጥማቸዋል።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ፍሬውን ማጠብ፣ በ80 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ለ10 ሰከንድ ያህል መንከር፣ ወዲያው ማቀዝቀዝ። ፓራ ይህንን ለጨማቂዎቿ ግዴታ አድርጋለች። ለውጭ ገበያ የሚሄደው ጭማቂ ደግሞ በተለምዶ ፓስቸራይዝድ ይደረጋል። ማቀዝቀዝ ብቻውን ግን አስተማማኝ አይደለም፤ ተሐዋሲው በረዶ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ጉዳዩ ስሜት የሚነካ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2025 ታይቷል። ቤሌም የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ጉባኤ ኮፕ30ን ስታዘጋጅ፣ የወጣው የምግብ አቅርቦት ጨረታ በብክለት ስጋት አሳይን ከልክሎ ነበር። ከተማዋ ተቆጣች፤ ክልከላውም ተነሳ። እስቲ አዲስ አበባ ላይ ጉባኤ ተጠርቶ እንጀራ ተከለከለ ሲባል አስቡት።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ አሳይ የኤምአርአይ ምርመራ ውጤት ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል። ቀጠሮ ካላችሁ ለባለሙያው ንገሩ።

የእምነት ዕቃ

ኢኮኖሚክስ ስማር ያልረሳሁት አንድ ክፍፍል አለ። አንዳንድ ዕቃ ሳትገዙት አይታችሁ ትለዩታላችሁ፤ ቲማቲም እንደዚያ ነው። አንዳንዱን ከተጠቀማችሁ በኋላ ታውቁታላችሁ፤ ምግብ ቤት እንደዚያ ነው። ሦስተኛው ግን ተጠቅማችሁም ቢሆን መሥራቱን ማወቅ የማትችሉት ነው፤ «የእምነት ዕቃ» ልንለው እንችላለን። «እርጅናን ያዘገያል» የሚል እንክብል ከዚህ ወገን ነው። ባትወስዱት ኖሮ ምን ያህል ታረጁ እንደነበር ማን ይነግራችኋል? እንዲህ ዓይነት ገበያ ላይ ጥሩ ዕቃ ያለው ሳይሆን ጥሩ ተረት ያለው ነው የሚያሸንፈው።

የተረቱ ዋጋ ደግሞ በእኛ ኪስ ብቻ አያበቃም። የአሳይ ዝና ለብዙ የወንዝ ዳር ቤተሰብ ገቢ አምጥቷል፤ ይህ እውነትና መልካም ነው። በዚያው ልክ ዓለም ሲፈልገው ቤሌም ላይ ዋጋው ይወጣል፤ በተለይ ምርት በሚያንስበት የዓመቱ መጀመሪያ አጋማሽ የዕለት ምግቡ ለሆነው ድሃ ይወደድበታል። ሌላውን ዛፍ እየቆረጡ አሳይ ብቻ መትከል የደኑን ዝርያ እንደሚያመናምንም ጥናቶች ጠቁመዋል። ቀጭኑን ዛፍ የሚወጡት አንዳንዴ ክብደታቸው የቀለለ ልጆች መሆናቸውም ተዘግቧል።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጤፍ በምዕራቡ ዓለም «ልዕለ ምግብ» እየተባለ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል የፈራው ይህንኑ ነበር፦ የሌላው ፋሽን የራሳችንን መሶብ እንዳያስወድድ።

እንግዲህ አሳይ እጃችሁ ከገባ እንዲህ አድርጉ። ማሸጊያው ላይ «ስኳር ያልተጨመረበት» እና «ፓስቸራይዝድ» የሚሉትን ፈልጉ። ከንጥረ ነገሮቹ መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ወይም የሌላ ፍሬ ጭማቂ ከሆነ አሳዩ ለስሙ ያህል ነው። «ነፃ ሙከራ» ብሎ የካርድ ቁጥር ከሚጠይቅ ሽሹ። ሕመም ካለባችሁ ከማንኪያው በፊት ሐኪሙ ይቅደም። ከውጭ ለቤተሰብ የምትልኩም፣ ያንኑ ዶላር ለመድኃኒቱና ለምርመራው ብታደርጉት ይሻላል። ብራዚል ከሄዳችሁ ደግሞ፣ በደንብ ከተዘጋጀበት ቤት፣ ከዓሣ ጋር ብሉትና ንገሩኝ።

ቤሌም ውስጥ አሳዩ ከጀልባ የሚራገፍበት ጥንታዊ ገበያ «ቬር-ኦ-ፔዙ» ይባላል። በቅኝ ግዛት ዘመን ቀረጥ ለማስከፈል ዕቃ የሚመዘንበት ቦታ ነበር። ስሙን ቃል በቃል ብትተረጉሙት «ክብደቱን እይ» ነው። ለፍሬው ብቻ ሳይሆን ስለ ፍሬው ለሚወራውም የሚሆን ስም ነው።